ወባ ፍለጋ በብርድ አገር

እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስጮህ እንዳትደነግጡ ነው። እንጅባራ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ጸጉሬን ያሸበትሁ ሰው ነኝ። የሽበቱን ግማሽ ያመጣው ዕድሜ ነው፤ የቀረውን ያመጣው ፖርትፎሊዮ ነው።

ፖርትፎሊዮ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ድሮ የላቦራቶሪ ተማሪ ለተግባር ልምምድ ሲላክልን ጥግ ይዞ ያያል፤ ሲሰለቸው ስልኩን ይነካካል፤ ጊዜው ሲያልቅ "ጎበዝ ልጅ ነው" ብዬ እፈርምለትና ይሄዳል። ኋላ ግን ኮሌጁ ሥልጠናውን አዘመነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ቦክስ ፋይል ይይዛል። ደም መቅዳት፣ ሽንት መመርመር፣ ሰገራ ማየት፣ ወባ መለየት፣ ለሁሉም ሥራ የየራሱ ገጽ አለው። ሠልጣኙ ሥራውን በገዛ እጁ መሥራቱን የሚያሳይ ማስረጃ በየገጹ ያስገባል፤ ከሥሩ "ከዚህ ሥራ ምን ተማርሁ?" ለሚለው ጥያቄ በራሱ ቃል መልስ ይጽፋል፤ እኔ አይቼ እፈርማለሁ። አንድ ገጽ ከጎደለ ምረቃ የለም። የዚህ ሁሉ አስተባባሪ ሆኜ የተመረጥሁት እኔ ነኝ። የተመረጥሁበትን ስብሰባ አላስታውሰውም፤ ተኝቼ ነበር።

ሠልጣኞቹን ሰብስቤ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ማስረጃ ምን እንደሆነ፣ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ምን ያህል ነውር እንደሆነ፣ በራስ ቃል መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ አብራራሁ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ራስ መነቅነቅ ምንም ማለት እንዳልሆነ የገባኝ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሳነብ ነው። ሽንት የመረመረው "ብዙ ነገር ተምሬአለሁ" ይላል። ደም የቀዳው "እጅግ በጣም ብዙ ነገር ተምሬአለሁ" ይላል። ሰገራ ስትመረምር የዋለች አንዲቱ "ትዕግሥትን ተምሬአለሁ" ብላለች፤ እሷን እንኳ አመንኋት። በቀሩት ላይ ግን ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ጮኽሁ። በማግሥቱ ሁሉም አስተካክለው አመጡ። "መምህራችን በመቆጣታቸው ምክንያት ብዙ ነገር ተምሬአለሁ" ይላል።

ከሠልጣኞቹ ሁለቱን ብቻ ላስተዋውቃችሁ። ሌሎቹ ጨዋ ልጆች ስለነበሩ የሚወራላቸው የለም።

አንደኛው የዳንግላ ልጅ ነው። አባቱ ዳንግላ ገበያ ላይ ጋሪ ይነዳሉ፤ እሱ ደግሞ ምላሱን ይነዳል። ቅዳሜና እሑድ አገሩ ሄዶ ሲመለስ ቦክስ ፋይሉን ፎቶ ቤት አስገብቶት መጣ። ሽፋኑ ላይ እሱ ራሱ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ማይክሮስኮፕ እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። ከኋላው ፏፏቴ ይወርዳል። በግራና በቀኝ ቀይ ጽጌረዳ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልሁት።

"ማስረጃ ነው መምህር።"

"የምን ማስረጃ?"

"ማይክሮስኮፕ ለመያዜ።"

"ፏፏቴውስ?"

"እሱን ባለፎቶ ቤቱ ነው የጨመረልኝ። በነፃ ነው።"

ሳምንት ሳይሞላ ከአንዷ በቀር የሁሉም ፋይል የሰርግ አልበም ሆነ። አንዱማ እኔንም ከጽጌረዳው መሃል አስገብቶኛል። ፎቶው ላይ እየጮኽሁ ነው።

ሁለተኛዋ ጥርባ የሚባል የደጋ ገጠር ልጅ ነች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከአጠገቧ የተቀመጠ ሰው መኖሯን የሚያውቀው ስታስነጥስ ነው። ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ቤቷ አዊኛ ትናገራለች፣ ከተማ አማርኛ ትናገራለች፣ በሁለቱም ብዙ አትናገርም። እጇ ግን ልዩ ነው። የበሽተኛ ጣት ስትወጋ ሰውየው "መቼ ነው የምትወጊኝ?" ይላል፤ እሷ ደሙን ወስዳ፣ ስላይድ በሚባለው ቀጭን መስታወት ላይ ቀብታ ጨርሳለች። የእሷ ፋይል ጽጌረዳ የሌለበት ብቸኛው ፋይል ነበር።

ችግሩ የመጣው ከወባ ገጽ ነው። መመሪያው ጥብቅ ነው። ሠልጣኙ ወባ ያለበትን ደም ራሱ ከበሽተኛው ወስዶ፣ ራሱ ቀለም ነክሮ፣ ማንም ሳይነግረው ቀድሞ ማግኘት አለበት። ሳጥን ውስጥ ካስቀመጥናቸው የድሮ ስላይዶች መውሰድ አይቻልም። መመሪያውን ያወጣው ኮሌጁ ቢሆንም እኔ ወድጄዋለሁ። የተቀመጠ ስላይድ አይቶ ወባ አወቅሁ ማለት የሰው የሰርግ አልበም አገላብጦ አገባሁ እንደማለት ነው።

ነገር ግን ይህ እንጅባራ ነው። ብርድ አገር ነው። የወባ ትንኝ ወደዚህ ብትመጣ እንኳ ጋቢ ተበድራ ነው የምትመለሰው። የእኛ ወባ በአውቶብስ ነው የሚመጣልን። ከታች ከቆላው፣ ከጃዊ፣ ሰሊጥ አርመውና አጭደው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት ይመጣሉ። እነሱ ካልመጡ ወባ የለም። ወባ ከሌለ ገጽ የለም። ገጽ ከሌለ ምረቃ የለም። እንዲህ ሆኖ ነው ጤና ሊጠብቁ የሠለጠኑ ልጆች ጠዋት ጠዋት በሽታ እንዲመጣ መጸለይ የጀመሩት።

ጸሎት ብቻ አይደለም። የዳንግላው ልጅ ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፍቶ "የጃዊ መኪና ገብቷል" እያለ ማሳወቅ ጀመረ። ከሥራ በፊት መናኸሪያ እየሄዱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይፈልጋሉ። አሁን እስቲ አስቡት፤ እንጅባራ መናኸሪያ ላይ ጠዋት የማይንቀጠቀጥ ማን አለ? ሾፌሩ ይንቀጠቀጣል፣ ትኬት ቆራጩ ይንቀጠቀጣል፣ ፍየሉ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን የዳንግላው ልጅ የሚኒባስ ረዳት ክንዱን ይዞ እየጎተተ ላቦራቶሪ ድረስ አመጣልኝ።

"መምህር፣ ይኸው! ጥርሱ ይንገጫገጫል!"

"ወባ የለብኝም" አለ ረዳቱ። "ጃኬት ነው የሌለኝ!"

እውነቱን ነበር።

የመጀመሪያዋ ወባ የደረሰችው ለዚሁ ለዳንግላው ልጅ ነው። ከጃዊ የመጣ አንድ ጎልማሳ፣ ከሚስቱ ጋር። ልጁ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ ቆየና በድንገት ከወንበሩ ዘለለ። ሴቶቹ ሠልጣኞች ተነሥተው እልልልል አሉ። ከመቆጣቴ በፊት ውጭ በር ላይ የቆመችው የሰውየው ሚስት የእልልታውን ምክንያት ሳታውቅ ተቀብላ አቀለጠችው። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ ሴቶችም አልቀሩም። ኮሪደሩ የጥምቀት ሜዳ መሰለ።

ሚስትየዋ ፊቷ እያበራ ገባች። "እሰይ! ምን ተገኘ?"

"ወባ" አልኋት።

እልልታዋ ግማሽ ላይ ቆመ። "ታዲያ እናንተን ምን ደስ አላችሁ?" አለችኝ። ሰውየው መድኃኒቱን ወስዶ ድኖ ሄደ፤ እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በላቦራቶሪው በር ላይ "እልልታ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ። በአገሪቱ እንዲህ ያለ ወረቀት የለጠፈ ላቦራቶሪ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ሁሉም አገኙ። የጥርባዋ ልጅ ብቻ ቀረች። ተራ አውጥቼላቸው ነበር፤ ትኩሳት ያለበት በሽተኛ ሲመጣ ተረኛው ይወስዳል። የእሷ ተራ ሲደርስ የሚመጣው ሰው ጉንፋን ነው። ከጃዊ መጣ የተባለውም ጉንፋን ነው። ኔጌቲቭ፣ ኔጌቲቭ፣ ኔጌቲቭ። ይባስ ብሎ ወሬው ከተማ ገባ። ያቺ ቀጭኗ ልጅ ደም ከወሰደችለት ሰው ላይ ወባ አይገኝም፣ እጇ የተባረከ ነው ተባለ። ሰዎች ላቦራቶሪ ሲመጡ እሷን መምረጥ ጀመሩ። አንዲት እናት ልጃቸው በሌላ ሠልጣኝ ሊወጋ ሲል አስነሥተው ወስደው እሷ ፊት አስቀመጡት። "ከእሷ እጅ ነው የምፈልገው፤ ከእሷ እጅ ባዶ ነው የሚወጣ" አሉ። የጥርባዋ ልጅ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሳያት አንጀቴን በላችኝ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ፋይሎቹ ወደ ኮሌጁ የሚላኩበት ጊዜ ደረሰ። ገጿ ባዶ ከሆነ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፤ ዓመት ጠብቃ ልምምዱን እንደገና ትጀምራለች። እሷስ ትጠብቅ፤ ወጣት ነች። አያቷ ግን ዓመት ጠብቁ የሚባሉበት ዕድሜ ላይ አልነበሩም። የምረቃ ካባዋን ለብሳ ሳያት ይበቃኛል ብለው ለአገሩ ሁሉ ተናግረዋል።

የዳንግላው ልጅ አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "መምህር፣ ከሳጥኑ አንዷን ስላይድ ብንሰጣትስ? እርስዎ ፊትዎን ቢያዞሩ ይበቃል" አለኝ። ለመጮህ አፌን ስከፍት ከኋላችን ድምፅ መጣ። የጥርባዋ ልጅ እዚያ መኖሯን ሁለታችንም አላወቅንም።

"አይሆንም" አለች። "ሳላገኝ አገኘሁ አልልም።"

የከፈትሁትን አፌን ዘጋሁት። በዚያው ቅዳሜ ወደ ቤቷ ሄደች። ለአያቷ ምን ብላ እንደነገረቻቸው ኋላ ነው የሰማሁት፤ "ወባ ጠፋብኝ" ነው ያለቻቸው።

ሰኞ ጠዋት የበሩ ጥበቃ እያለከለከ መጣ። "ኧረ ይውጡ! ፈረስ ገባ!"

"የምን ፈረስ?"

"ፈረስ ነዋ! ብዙ ፈረስ! አይገባም ብል ማን ይሰማኛል? ታመናል ነው የሚሉ!"

ከመውጣቴ በፊት ስልኬ ጠራ። የተመላላሽ ክፍሉ ወጣት ሐኪም ነው፤ ድምፁ ተለውጧል። "ምንድን ነው ዛሬ ጉዱ? ከጥርባ በኩል የመጣው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚለው። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ቀጥሎ ያርገፈግፈኛል፣ ቀጥሎ ያቃጥለኛል፣ ከዚያ ላብ ያጠምቀኛል፣ አፌን ይመረኛል። ቃል በቃል! የወባ ምልክት ከመጽሐፍ ያነበቡ ነው የሚመስሉ። ወረርሽኝ ነው ብዬ ለዞኑ ልደውል ነው።"

"ትኩሳታቸውን ለክተሃል?"

"እሱ ነው ያልገባኝ። ሁሉም ደህና ናቸው።"

"እንዳትደውል!" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ሮጥሁ።

ግቢው ገበያ ሆኗል። ፈረሶቹ በአጥሩ ዙሪያ ታስረው የሆስፒታሉን ሣር ያጭዳሉ። በካርድ ክፍሉ መስኮት ሥር ጋቢ የለበሱ ጤነኛ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። አንዳንዱ በሽተኛ ለመምሰል ተጎንብሷል፤ ጎኑ ያለው ጓደኛው "አንተ፣ ወባ እኮ ወገብ አያስጎነብስም፣ ቀና በል" ይለዋል። አንዲት ባልቴት ላብ ያጠምቀኛል ያሉትን ለማስረገጥ ግንባራቸውን በውኃ እያረጠቡ ነበር።

"ማን ነው ይሄን ሁሉ ሰው እዚህ ያመጣ?" ብዬ ጮኽሁ። ፈረሶቹ ጆሮአቸውን አቆሙ።

ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ሁለት ጋቢ ደርበው የተቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። "እኔ ነኝ ዶክተር። አስተባባሪው እኔ ነኝ።"

"አስተባባሪው እኔ ነኝ!" አልሁ።

"እርስዎ የውስጡን፣ እኔ የውጭውን" አሉ በእርጋታ። የጥርባዋ ልጅ አያት መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ዓይናቸው አንድ ነው። "ልጄ ወባ ቸገረኝ አለችኝ። እኛ ዘንድ ድንቹ ደርሶ የሚያወጣ ሲጠፋ ደቦ ይጠራል፤ ጎረቤት ይወጣል። ለእሷም ደቦ ጠራሁላት። ከዚህ ሁሉ ሰው እንዴት አንድ ወባ ይጠፋል?"

"አባቴ፣ ወባ በደቦ አይወጣም!"

"ሞክረውት ያውቃሉ?"

ሞክሬው አላውቅም። ይሄኔ ደቦው እኔ መቆጣቴን አይቶ ሊያባብለኝ ከበበኝ። አንዱ ድንች በጆንያ እግሬ ሥር አስቀመጠ። አንዷ የተቀቀለ እንቁላል ኪሴ ውስጥ ከተተች። ሌላው በሃይላንድ ጠርሙስ የመጣ አረቄ ከጋውኔ ሥር ሊሸጉጥልኝ ታገለ። አያትየው ከተቀመጡበት ሆነው አንገታቸውን ደፉ።

"እኔ ብቻ ባዶ እጄን መጣሁ" አሉ። "ሰው ስሰበስብ ጊዜ አጠረኝ። ሰው ቤት ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም፤ ዛሬ አፈርሁ።"

ጫጫታውን ሰምታ የጥርባዋ ልጅ ወጣች። መንደሯን በሙሉ ከነፈረሱ ስታየው መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል። ግን ጨዋ ነች፤ አንድ በአንድ፣ በአዊኛ፣ ሁሉንም ሰላም አለች። መጨረሻ አያቷ ዘንድ ደረሰችና ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል እጃቸውን ዘርግተው አነሧት። እጃቸውን ያዘች። ያዘችና አልለቀቀችም።

"አባባ፣ እጅዎ ያቃጥላል።"

"ፀሐይ ነው ልጄ።"

"ጥላ ውስጥ እኮ ነው ያሉ።"

ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ጋቢ ለክብር አለመሆኑን ያስተዋልሁት። ከጋቢው ሥር ጉልበታቸው ይርገፈገፋል። የሚኒባስ ረዳት መንቀጥቀጥ አይደለም።

"አባቴ፣ በቅርቡ ጃዊ ወርደው ነበር?" አልኋቸው። ስጠይቅ ድምፄ እንደ ልማዱ አልጮኸም።

"ወንድ ልጄን ልጠይቅ ወርጄ ነበር፤ ሰሊጥ ላይ ነው ያለ። ከመጣሁ ወዲህ ትንሽ ብርድ ያስቸግረኛል። የሽማግሌ ብርድ ነው።"

"ለእነዚህ ሁሉ ለሐኪሙ የሚሉትን ያስተማራቸው ማን ነው? ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ያርገፈግፈኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል የሚሉትን?"

"እኔ ነኝ" አሉ አያትየው፤ ኩራትም ሐፍረትም ባለበት ድምፅ። "ምን ብለን እንታመም ሲሉኝ የእኔን ነገርኋቸው።"

የጥርባዋ ልጅ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደቻቸው። ሲሄዱ "ኧረ ተዪኝ፣ እኔ ያመጣኋቸውን እይ! ወባ እኮ የጃዊ ናት፤ ይሄን ሁሉ ዳገት ተከትላኝ ትወጣለች?" ይሏታል። ቴርሞሜትሩ ግን ሐኪሙንም አስደነገጠው።

ጣታቸውን ሁለት ጊዜ በአልኮል ጠረገችና ወጋች። ስላይዱን ቀለም ነከረች፣ አጠበች፣ አደረቀች፣ አንዱንም ሳትዘል። እኔ ላግዝሽ ማለት አምሮኝ ነበር፤ ከመመሪያው ይልቅ ፊቷ ከለከለኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች። ሠልጣኞቹ ከኋላዋ ተሰበሰቡ። የዳንግላው ልጅ በሩ ላይ የለጠፍሁትን ወረቀት ረስቶ ለእልልታ ትንፋሹን ስቦ ይጠብቃል።

ቆየች። በጣም ቆየች። ከዚያ ቀና ሳትል "መምህር፣ እርስዎ ይዩት" አለች። "ተሳስቼ ይሆናል።"

አየሁት። ቀለበት ቀለበት የሚመስሉት የወባ ተውሳኮች፣ ስንት ጊዜ ሲፈለጉ ጠፍተው የከረሙት፣ ሞልተዋል። ክፉው ዓይነት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ጊዜ የማይሰጠው።

"አልተሳሳትሽም" አልኋት።

የዳንግላው ልጅ ፊቷን አየና የሳበውን ትንፋሽ መልሶ ዋጠው። ያን ዕለት እስከ ማታ ስቅ ሲለው ዋለ። እሷ ግን ውጤቱን ይዛ ወደ ሐኪሙ ሮጣ ነበር።

አያትየው ሆስፒታሉ ውስጥ ተኙ፤ መድኃኒት ተጀመረላቸው። ደቦው ሐኪሙ "ይተርፋሉ" እስኪል ድረስ አልነቃነቅም ብሎ ግቢው ውስጥ ዋለ። አመሻሽ ላይ በፈረሶቹ ተመለሱ፤ ድንቹን ተዉልን፤ ጥበቃው የፈረሶቹን ፋንድያ ሲጠርግ ሳምንቱ አለቀ። ሐኪሙ አሁንም በኮሪደር ሲያገኘኝ ይስቃል። የሰው ሁሉ ቃል አንድ ዓይነት የሆነው ከአንድ እውነተኛ በሽተኛ ስለተቀዳ ነው፤ እኔ እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ያ የሞኝ ደቦ ባይጠራ ኖሮ ሰውየው ከጥርባ አይወርዱም ነበር። ብርድ ነው እያሉ ቤታቸው ይሞቱ ነበር።

ፋይሎቹ በሚላኩበት ዋዜማ የጥርባዋን ልጅ ፋይል ገለጥሁት። የወባው ገጽ ባዶ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኋት።

"አላስገባውም መምህር።"

"ምን ማለት ነው አላስገባውም? ራስሽ ወሰድሽ፣ ራስሽ አየሽ፣ ራስሽ አገኘሽ! ትክክለኛ ነው!"

"አያቴ ታመው እኔ ልመረቅበት?" አለች። "ሌላ ሰው እጠብቃለሁ። ዓመትም ቢሆን።"

ጮኽሁ። በጣም ጮኽሁ። ስጨርስ እዚያው ቆማለች፣ ገጹም ባዶ ነው። ጩኸት በማይሠራበት ሌላ ዘዴ ስለሌለኝ ፋይሉን ብብቴ ሥር አድርጌ እሷን አስከትዬ የተኙበት ክፍል ሄድሁ። አያትየው ትራስ ተደግፈው ሾርባ ይጠጣሉ፤ ጋቢው አንድ ሆኗል። የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

የሾርባውን ኩባያ አስቀመጡ። ከልጅቷ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

"እውነት ነው እንዴ?"

አንገቷን ደፋች።

"ሁሉም ድንችና እንቁላል ይዞ ሲመጣ እኔ ባዶ እጄን መጣሁ ብዬ ስሸማቀቅ ነበር። ለካ እንዲያውስ የተቸገርሽበትን እኔ ነኝ ይዤልሽ የመጣሁ። ያውም ከጃዊ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ተሸክሜ!" ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ቁጣ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ደስ ብሎኝ ሰማሁ። "አሁን ያመጣሁልሽን ልትመልሺብኝ ነው? ሽማግሌ የሰጠው ይመለሳል? ማን አስተማረሽ ይሄን?"

የጥርባዋ ልጅ ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፋይሉን ሰጠኋት፤ የአያቷን ጉልበት ጠረጴዛ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። እሳቸው እንዳይነቃነቅባት እግራቸውን ቀጥ አድርገው ያዙላት።

ስትጨርስ ሰጠችኝ። "ከዚህ ሥራ ምን ተማርሁ?" ከሚለው ሥር የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው። "ስንት ጊዜ ስፈልገው የከረምሁትን ሳገኘው፣ ተሳስቼ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።"

ዓመቱን ሙሉ በራሳችሁ ቃል ጻፉ እያልሁ ስጮህ የነበርሁ ሰው ነኝ። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ፈረምሁ።

አያትየው አንገታቸውን አስግገው ገጹን አዩ፤ ማንበብ አይችሉም፤ ግን መሙላቱ ይታያል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዶክተር፣ ሌላስ የጎደላት በሽታ አለ?"

"የለም አባቴ" አልኋቸው። "ሁሉም ሞልቷል።"

"ካለ አይደብቁኝ" አሉ፤ ኩባያቸውን እያነሡ። "እንደምንም ብዬ አመጣላታለሁ።"